ከኮሶው ሥር የሰማሁት ትምህርት

እኔ፣ እናንተዬ፣ ጆሮዬ ለወሬ የቀለለ ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ ራሱ አይፈቅድልኝም። ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ አንኮበር ላይ ሌላው መምህር ዜማውን፣ ቅኔውን፣ መጻሕፍቱን ሲያስተምር፣ እኔ የነገሥታቱን ነገር፣ የአገሩን አሰፋፈር፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አስተምራለሁ፣ እናም አንድ ሰው መጥቶ «ገደሉ አፋፍ ላይ ነጭ የለበሰ ነገር ታየ» ሲለኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አየህ ወይስ ሰማህ? ከሰማህስ ከማን ሰማህ?» እለዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያየ የለም፤ ያየችው አክስቱ ናት፣ አክስቱ ስትጠየቅ ደግሞ ጎረቤቷ ናት፣ ጎረቤቷም ከሞተች ቆይታለች። ዛር ሲሉኝ እስቃለሁ፣ የውሃ ጋኔን ሲሉኝ እስቃለሁ፣ ባለቤቴ አስካለ «አንቱ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ይቀጣሉ!» ስትለኝ በእሷም እስቃለሁ። እንግዲህ ይህን ጠባዬን ካወቃችሁ በኋላ ነው የምነግራችሁ፤ የምነግራችሁም አየሁ ብዬ አይደለም፣ ሰማሁ ብዬ ነው፣ የሰማሁትም ከአክስቴ አይደለም፣ በእነዚሁ በሁለት ጆሮዎቼ ነው።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ግቢያቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ባዛወሩበት ሰሞን ነው፣ ከብቱ ያለቀበት ክፉ ዘመን ገና አልመጣም ነበር። ሥራዬ ምን ይመስል እንደነበር መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ አለዚያ የደረሰብኝ ነገር አይገባችሁም። ጠዋት ተማሪዎቼ ተሰብስበው የትናንቱን ይመልሱልኛል፤ እኛ ዘንድ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ነው፣ እኔ እላለሁ እነሱ ይቀበላሉ፣ የሳተውን እመልሰዋለሁ፣ ሁለተኛ የሳተውን እቆጣዋለሁ። ከቀትር በኋላ ባለጉዳይ ይመጣል፤ ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ እኔ ዘንድ ሳይደርስ አይድርም፣ ሙሽሮቹ በሰባት ቤት ዝምድና እንዳይገናኙ የሁለቱንም ወገን ቆጥሬ ስጨርስ ነው ጠላው የሚጠነሰሰው። ስንቱን ሠርግ እንዳፈረስኩ አትጠይቁኝ፤ አንዷ እናት እንዲያውም «ምነው እናትህ ያኔ ከብት ጠባቂ ባደረገችህ!» ብላ ደጄ ላይ ረግማኝ ሄዳለች። በኋላ ልጇን ለሌላ ስትድር ግን ከማንም በፊት የጠራችው እኔን ነው፣ ጠላዋም ደህና ጠላ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ የኔታ ክንፉ ናቸው፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። የእሳቸው ተማሪ ቤት አንኮበር አልነበረም፤ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ፣ አቀበቱ አልቆ ደጋው ላይ ሲደረስ፣ ጅብራ የበቀለበት ሜዳ አለ፣ ከሜዳው ዳር ከገደሉ አፋፍ አንድ ትልቅ ኮሶ ቆሟል፣ አጠገቡ ምንጭ ይፈልቃል፣ እዚያ ነበር ወንበራቸው። ወንበር ስላችሁ ድንጋይ ነው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ። የኔታ ቁጡ ነበሩ፣ ቁጡ ብል ይበቃል? አይበቃም። አንድ ነገር ሁለተኛ አይናገሩም፤ ተናገሩ፣ በመቋሚያቸው ድንጋዩን ጠቅ አደረጉ፣ አለቀ፣ ያልያዘ ተማሪ ከጓደኛው ይለምን እንጂ ከእሳቸው አይጠይቅም። «እኔ ገደል ነኝ እንዴ የማስተጋባው?» ይላሉ። ከልጅነቴ ጀምሬ ጢም እስካወጣ አብሬያቸው ስኖር አንዲት ቃል ሲደግሙ አልሰማሁም፣ ወይም አልሰማሁም ብዬ ነበር የማምነው። ይህችን ያዙልኝ።

ያ ተማሪ ቤት መሬት ነበረው፣ ገብስ የሚያበቅል ደህና መሬት፣ ለተማሪ ቀለብ ይሁን ብለው የድሮ ንጉሥ የሰጡት። የተሰጠበት ጽሑፍ ነበረ ይባላል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል አብሮ ነደደ፣ ስለዚህ የቀረው ቃሉ ብቻ ነው፤ መሬቱ እንዴት እንደተሰጠ፣ ድንበሩ የት ድረስ እንደሆነ፣ የዚያን ቀን እነማን እንደቆሙ፣ አንዱ የወንበር ወራሽ ለሌላው ወራሽ በቃል ያስረክባል። ለሌላ ተማሪ አይነገርም፣ ብዙ አፍ የዞረ ቃል ተበላሽቶ ለሙግት አይሆንም ተብሎ ነው። የኔታ ለእኔ አስረከቡኝና ጥቂት ቆይተው አረፉ። እኔም ወንበሩን ወደ አንኮበር አወረድኩት፣ ምክንያቱም ያኔ ግቢው እዚያ ነው፣ ከግቢው ማዕድ የሚተርፈው ለተማሪ ይበቃል፣ የደጋውን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥቼው ነበር።

ንጉሡ ወደ እንጦጦ ሲሄዱ ግን ማዕዱም አብሮ ሄደ። ተማሪዎቼ ባዶ የቀለብ አኩፋዳ አንጠልጥለው ይመለሱ ጀመር፣ የእኔም ልጆች ከዚያች ከደጋዋ ገብስ በቀር የሚቀምሱት ጠፋ። ልክ ይኼኔ፣ የመሬቱ ጎረቤት የሆኑት ባላምባራስ ይርጉ የሚባሉ ሽማግሌ «ወንበሩ ከወረደ መሬቱም ለእኛ ይመለስ፣ ድሮም የአባቶቻችን ነው» ብለው ከሰሱ። አዲሱ ሹም ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሁለታችንንም አስጠሩ፤ «መምህሩ የመሬቱን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ ይናገር። ከተናገረ መሬቱ የተማሪ ነው፣ ከተሰናከለ የባላምባራስ ነው» ተባለ።

ቀላል ነገር አይደለም ትላላችሁ? ለእኔማ ቀላል ነበር፣ ንዳድ ባይዘኝ ኖሮ። ከመጠራቴ በፊት ከሚስቴ ወንድም ከዘውዴ ጋር ለጨው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወርጄ የቆላ ንዳድ ይዞኝ ተመለስኩ። ስቃዥ፣ ስለፈልፍ፣ ሰው ሳላውቅ ከረምኩ፤ ከሞት አፍ የመለሰችኝ አስካለ ናት፣ ግንባሬን በውሃ እያራሰች፣ አጥሚት በጉንጬ እያንቆረቆረች፣ እኔ የሳቅኩባት ሴትዮ። እግዚአብሔር ያክብራት፣ ፊት ለፊቷ ብዙ አልነገርኳትም፣ እዚህ ግን ልናገር። ከዚያ ተነሳሁ፣ እህል ቀመስኩ፣ ሳሉ ብቻ አልለቅህ አለኝ እንጂ ደህና ነኝ አልኩ። የሹሙ መልእክት ሲመጣ ቃሉን ላሰላስለው ቁጭ አልኩ፤ «ንጉሡ ከአደን ሲመለሱ ከኮሶው ሥር አረፉ» ብዬ ጀመርኩና፣ ቀጥሎ ያለው የለም። ጭልጥ ብሏል። ሌላው ሁሉ አለ፣ የነገሥታቱ አለ፣ የሙሽሮቹ ሰባት ቤት አለ፣ ያችኑ ብቻ ንዳዱ በልቷታል።

«ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም?» አለችኝ አስካለ፣ ለእሷ ብቻ ነበር የነገርኳት።

«የኔታ ክንፉ ያውቁት ነበር፣ እሳቸው የሉም።»

«እንግዲያው ባይሄዱስ?»

«ካልሄድኩ እንደተሰናከልኩ ነው የሚቆጠረው። መሬቱ ሄደ ማለት ነው፣ ተማሪው ይበተናል፣ ልጆቹስ ምን ይበላሉ?»

ስንቄን ቋጠረችና፣ «በሉ እንግዲህ በመንገድ ያዩታል፣ ልጅ ሆነው የሄዱበት መንገድ ነው፣ ምናልባት እግርዎ ያስታውስ ይሆናል» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፣ እንደልማዴ።

በማግስቱ ማልደን ተነሳን፤ እኔ በበቅሎ፣ ዘውዴ በእግሩ። ዘውዴ የሚባለው ሰው ወሬ አያልቅበትም፣ አቀበቱን ሁሉ ስለ አንዲት በቅሎ ግዢ ሲያወራልኝ ወጣን፣ ያቺ በቅሎ በመጨረሻ ተገዛች ወይ ተብዬ ብጠየቅ ግን አላውቅም፣ ልቤ እዚያ አልነበረም፣ «ከኮሶው ሥር አረፉ፣ ከኮሶው ሥር አረፉ» እያልኩ ነበር። ደጋው ላይ ስንደርስ ጀንበሯ ገና ቀና እንዳለች ነው፣ ግን የአገራችንን ጉም ታውቁታላችሁ፣ ከቆላው በገደሉ ሽቅብ ይወጣና ሳይታሰብ ሜዳውን ይውጠዋል፤ የበቅሎዋን ጆሮ እንኳ ማየት አቃተኝ።

«ዘውዴ፣ አንተ በቅሎዋን ይዘህ እዚህ ቁም» አልኩት፣ «አፋፉ ለበቅሎ አይሆንም። እኔ በእግሬ ወርጄ የየኔታን ወንበር ተሳልሜ ልምጣ።»

«በዚህ ጉም? መምህር፣ ገደል ቢገቡ ለእህቴ ምን ብዬ ልነግራት ነው?»

«ዓይኔን ጨፍኜም አልስተው፣ ያደግኩበት ነው!» ብዬው ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልሳለም ብቻ አልነበረም፤ እዚያ ብቀመጥ ይመለስልኝ ይሆናል ብዬ ነው፣ የአስካለ ነገር ሳላውቀው ገብቶኝ ኖሯል።

መጀመሪያ የሰማሁት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ነው፣ ከገደሉ ሥር እርስ በርሳቸው ሲንጫጩ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። የምንጩ ድምፅ ቀረ፣ እሱን እየተከተልኩ ወረድኩ። ኮሶው ከጉሙ ውስጥ እንደ ጥላ ብቅ ሲል፣ ጠቅ የሚል ነገር ሰማሁ። ግንደ ቆርቁር ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። እንዲህ ባለው ጉም ግንደ ቆርቁር ምን ይሠራል? ቆምኩ። ከዚያ የሰው ድምፅ መጣ፣ ሲያጉረመርም፣ ወፍራም፣ የሽማግሌ ድምፅ፣ አንድ ነገር ይላል፣ ሌላ ቀጠን ያለ የወጣት ድምፅ ይቀበለዋል። ትምህርት ነው! ተማሪ ያደገበት ሰው ያንን ስልት ከሺህ ድምፅ መካከል ይለየዋል፣ አንዱ ይላል፣ አንዱ ይቀበላል።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን ነበር መሰላችሁ? ጋኔን አይደለም፣ ባላምባራስ ይርጉ ናቸው! ሰው አምጥተው በእኔው ወንበር ላይ አስቀምጠው ምስክር እያስጠኑ ነው ብዬ ደሜ ፈላ፣ መቋሚያዬን ጨብጬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ይኼኔ ቃሉ ለየልኝ።

«ንጉሡ ከአደን ሲመለሱ ከኮሶው ሥር አረፉ» አለ ሽማግሌው። «ውሃ ተጠሙ፣ ውሃ ያቀረበች ዘነቡ። በቅል አቀረበች፣ ቅሉ ስንጥቅ ነበር፣ ስንጥቁን በጣቷ ደፍና አቀረበች።»

ወጣቱ ተቀበለ።

እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አልኩ። ያ የጠፋው ነው! ራሱ ነው! እመኑኝ፣ ፍርሃት ያን ጊዜ አልመጣም፣ የመጣው ረሃብ ነው፣ የተራበ ሰው እንጀራ ሲሸተው እንደሚሆነው ሆንኩ። ድንበሩን ዞሮ ያሳየው ሀብቴ፣ ድንጋዩን የተከለው ወልዴ፣ በምሥራቅ ገደሉ፣ በምዕራብ ጥቁሩ አለት፣ በሰሜን ምንጩ ከመሬት የሚሰምጥበት፤ አንዱ ሲይዝልኝ አንዱ ያመልጠኛል፣ ቃሉ ወደ መጨረሻው እየሮጠ ነው፣ ጠቅ! አለ መቋሚያው፣ አለቀ። ግማሹን እንኳ አልያዝኩም።

ይኼኔ ያ የተረገመ ሳል መጣብኝ። አፌን በጋቢዬ ባፍነውም አልቆም አለ።

ከኮሶው ሥር ወጣቱ እንዲህ ሲል ሰማሁት፣ ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ፤ «የኔታ፣ በግ የሳለ መሰለኝ። እኔ እኮ ቃሉን ይዤዋለሁ፣ እንሂድ።» የጥጋበኛ አነጋገር ነው፣ ድምፁን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ፣ የት እንደሆነ ግን አልመጣልህ አለኝ። ሽማግሌው ዝቅ ብለው አንድ ነገር መለሱለት፣ የምንጩ ድምፅ ዋጠብኝ፣ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ቀጥሎም ከላይ ጀመሩ። «ንጉሡ ከአደን ሲመለሱ» አሉ፣ አሁን ግን ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያጎርሱ ሁሉ፣ በየመካከሉ እያረፉ።

ድምፃቸው የየኔታ ክንፉ ነበር፣ ይህን ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ፣ ግን «አይደሉም፣ አይደሉም» እያልኩ ራሴን የማጽናናው በምን መሰላችሁ? የኔታ አይደግሙማ! የኔታ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ጊዜ ብለው ይነሱ ነበር። እኔ ይህን እያልኩ ከንፈሬ ግን ሥራውን ይዟል፣ ከወጣቱ ጋር እኩል እየተቀበልኩ ነው፣ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ ጮክ ብዬ። ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩ። በዚህኛው አንዲትም አላመለጠችኝም፤ ከወጣቱም ቀደምኩ እንጂ። ጠቅ! አለ መቋሚያው፣ ጠበቅ ብሎ፣ እንደ «በቃህ» ያለ ጠቅታ፣ ከዚያም ከምንጩ በቀር ምንም የለም።

ተነሳሁና ወደ ኮሶው ሄድኩ። ሰው የለም፣ የእግር ኮቴ የለም። ሣሩ፣ ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ የእኔ ጋቢ ጭምር፣ ሁሉም በጉሙ ረጥቦ ይንጠባጠባል። የየኔታን ወንበር በእጄ ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። ከፊቱ ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ የሚልባት ያህል ሣር ተኝታለች፣ እሷም ደረቅ ናት። በስመ አብ ብዬ እጄን አነሳሁ። ፍርሃቱ ያን ጊዜ ነው የመጣው፣ ፀጉሬ አንድ በአንድ ቆመ።

«መምህር! ኧረ መምህር!» ዘውዴ ከላይ ይጣራል። ሩጫ በማይገባው ዕድሜ ሮጬ ወጣሁ።

«ከማን ጋር ነው እንዲህ የሚያወሩት?» አለኝ።

«ምን ሰማህ?» አልኩት፣ እንደ ሥራዬ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«እርስዎን ነዋ! ሌላ ማን አለ? ብቻ ምነው ድምፅዎ ሁለት ቦታ ሆነ? አንዴ ከዚህ ከሣሩ ዘንድ፣ አንዴ ከኮሶው ሥር። በቅሎዋ እንኳ ጆሮዋን ቀስራ አልንቀሳቀስ አለችኝ።»

«ገደሉ ነው የሚያስተጋባው» አልኩት፣ እሱም አመነኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ቢመልስልኝ ስንት ጥያቄ እጠይቀው ነበር!

ደብረ ብርሃን ሸንጎው ፊት ቆምኩ። ሹሙ ወንበራቸው ላይ፣ ባላምባራስ ይርጉ በበርኖሳቸው ተጠቅልለው በቀኝ፣ ሰዉ ግጥም ብሏል። ጀመርኩ፣ እናንተዬ፣ ወንዝ ሆነልኝ፣ ከአፌ አንዲት አልወደቀችም። ዘነቡ ጋ ስደርስ፣ «ቅሉ ስንጥቅ ነበር፣ ስንጥቁን በጣቷ ደፍና አቀረበች» ስል፣ ባላምባራስ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። አለቀልኝ፣ ስህተት ሊያወጡብኝ ነው አልኩ፣ ግን ሳላቋርጥ መጨረስ ስላለብኝ ድንበሩን ሁሉ ዘልቄ ጨረስኩ።

«ባላምባራስ፣ የሚሉት አለዎት?» አሏቸው ሹሙ።

ሽማግሌው ጣታቸውን፣ ይህችን ሌባ ጣታቸውን፣ ወደ ላይ አነሱ። «ዘነቡ አያቴ ናት» አሉ። «እናቴ እንዲህ ጣቷን እያሳየችኝ ትነግረኝ ነበር፣ ‹እናቴ ለንጉሥ ውሃ ሰጥታለች፣ ግን አሁን ማንም አያውቃት› ትለኝ ነበር። ማንም አያውቃት ብላ ነው የሞተችው። ለካ እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ስሟን ሲጠሩ ኖረዋል!» ከዚያ ሽማግሌው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፣ እኔም አንጀቴን በሉት። «ክሴን ለቅቄአለሁ፣ መሬቱ የተማሪ ይሁን፣ ብቻ ስሟን አታቋርጡ» አሉ፣ ሹሙም አጸኑት። ከሸንጎው ስንወጣ ተቃቅፈን ነው የወጣነው፣ ዘውዴ ነገሩ ግራ ገብቶት «ክርክሩ መቼ ነው የሚጀመረው?» አለኝ።

ስንመለስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከሜዳው ስንደርስ ከበቅሎዬ ወርጄ ወደ ኮሶው ሄድኩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘውዴንም ጨምሬ፣ ብቻዬን ለመሄድማ ወኔው አልነበረኝም። ደረቷን ሰጥታ የምትፈስሰውን ያቺን ምንጭ እያየሁ፣ ሳላስበው ንዳዱ የበላብኝ ሌላ ነገር ተመለሰልኝ፤ ቃሉ ብቻ አልነበረም የጠፋብኝ፣ ቃሉን የተቀበልኩበት ቀንም አብሮ ጠፍቶ ኖሯል።

ወጣት ነኝ። ጉም ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ለቀለብ ወጥተዋል፣ የኔታ ለብቻዬ ቃሉን እየሰጡኝ ነው። ጨረሱ፣ በመቋሚያቸው ጠቅ አደረጉ፣ እኔም መለስኩላቸው። ከጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ሳለ። «የኔታ፣ በግ የሳለ መሰለኝ። እኔ እኮ ቃሉን ይዤዋለሁ፣ እንሂድ» አልኳቸው፣ ብርዱ አንጀቴ ገብቶ ነበር። የኔታ ጉሙን ትክ ብለው አዩት፣ ያ ቁጡ ፊታቸው እንዴት እንደራራ አሁን ድረስ ይታየኛል። ዝቅ ብለውም አሉኝ፤

«ላንተ አይደለም።»

ከላይም ጀመሩ፣ ቀስ ብለው፣ ከዚያም እንደገና። በዘመናቸው ሁለተኛ ተናግረው የማያውቁት ሰው! ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ አብሮኝ ሲቀበል ይሰማኛል፣ እኔ ሞኝ ግን ገደሉ ነው ብዬ ነበር።

ከወንበራቸው ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ዘውዴ «ያምዎታል እንዴ? ንዳዱ ተመለሰ?» እያለ ትከሻዬን ይነቀንቃል። የኔታ ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር? ያን የሚያስል ሽማግሌ ማን እንደሆነ አውቀው ነው ያረፉት? ነግረውኝ አያውቁም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። የማውቀው ይህን ነው፤ ልጆቼ ዛሬም ድረስ የሚበሉት ገብስ፣ እሳቸው በዚያ ቀን ለማያዩት ሰው ደግመው የተናገሩት ነው። እግዜር ይስጥልኝ የኔታ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ አላልኳቸውም ነበር፣ የዚያን ቀን ግን ድንጋዩን እየሳምኩ አልኩት።

አስካለ ስነግራት አልሳቀችብኝም፣ መሳቅ ይገባት ነበር፣ «እግርዎ ያስታውሳል አላልኩም?» አለችኝ። በዓመቱ ወንበሩን ከአንኮበር ነቅለን ወደ ኮሶው መለስነው፣ ያ ክፉ ዘመን ሲመጣም ያቺ መሬት ብዙ ሰው አተረፈች፣ ባላምባራስም እስኪያርፉ በየበዓሉ እየመጡ የአያታቸውን ስም ሲጠራ ያዳምጡ ነበር።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን ሰው የሰማውን ከሸሸገ ታሪክ አስተማሪ አይባልም።

ባለፈው ክረምት ቃሉን ለተክሌ እያስረከብኩት ነበር፣ ተክሌ ማለት ከእኔ በኋላ ወንበሩን የሚወርሰው ነው፣ ጎበዝ ሰው፣ እንደ እኔው ችኩል። ጉም ነበር። ጨርሼ በመቋሚያዬ ጠቅ ሳደርግ፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው አብሮን ሲቀበል ሰማሁ፤ የሴት ድምፅ ነው። አማርኛዋ የአገራችን ነው፣ ግን ጥድፊያ አለበት፣ የማላውቀው ዓይነት። የሰዎቹን ስም እየጠራች ትደግማለች፣ ትስታለች፣ ራሷን ታርማለች፣ ልክ እንደ ተማሪ፣ አይደለም፣ ልክ እንደ አስተማሪ፣ ነገ ሰው ፊት ቆማ እንደምትናገር ሰው። ታሪክ የምታስተምር ሴት ትኖር ይሆን፣ ከእኛ በኋላ፣ በዚህ አገር? ዘነቡን በደንብ ያዘቻት። ድንበሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች፣ ቆየችና «ምንጭ? እዚህ ምን ምንጭ አለ?» አለች፣ ለራሷ ስትናገር።

ምንጩ ከጀርባዬ ነው፣ ክረምት ነው፣ ድምፁ ሰው ያደነቁራል። እሷ እንዴት አልሰማችውም? ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ምንጩን ነው፣ አለ ወይ ብዬ።

«የኔታ፣ ውሃ ቀጂ ትሆናለች» አለኝ ተክሌ ብርዱ አንዘፍዝፎት፣ «እኔ ይዤዋለሁ፣ እንነሳ።»

«ላንተ አይደለም» አልኩትና፣ ቀስ ብዬ ከላይ ጀመርኩላት።